የካርቶን ማዕድ ቤት

በሆላንድ አገር በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ብቅ የምትለው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት አገሩ ሁሉ ጨለማ ነው። በዚያ ጨለማ እናቶች ከፊቱ የእንጨት ሣጥን በተገጠመለት ብስክሌት ሁለት ሦስት ልጆቻቸውን ጭነው፣ ካፊያው ፊታቸውን እየመታው፣ በቦዩ ዳርና ዳር ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሕፃናት መዋያ ሲጣደፉ ይታያሉ። ልጆቹ በሣጥኑ ውስጥ የዝናብ ልብስ ለብሰው እንደ ጫጩት ተኮልኩለው ያወራሉ። እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጄን አዲስ አበባ ለእናቴና ለታናሽ እኅቴ ትቼ የሄድሁ ሰው ስለ ነበርሁ፣ ያን ባየሁ ቁጥር ዐይኔን ወደ ቦዩ ውኃ አዞር ነበር።

የሄድሁት ዴልፍት ወደምትባለው ከተማ ሲሆን ጊዜውም ከመስከረም እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ዴልፍት በሮተርዳምና በዘ ሔግ መካከል የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በቦዮቿ፣ በሰማያዊና ነጭ ሸክላዋና ወደ አንድ ጎን በዘመመው የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግንብ ትታወቃለች። ሐሙስ ሐሙስ አደባባዩ ላይ ገበያ ይቆማል፤ ዓሣው፣ አይቡና አበባው ጎን ለጎን ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1842 የተመሠረተ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አላት። የእኔም ጉዳይ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ በአርክቴክቸር ክፍል፣ ስለ አዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች ንድፍ በሚሠሩ ተማሪዎች ስቱዲዮ ውስጥ ለአንድ መንፈቅ ረዳት መምህርት ሆኖ መሥራት ነበር።

«ስቱዲዮ» የሚለው ቃል ገና ከመጀመሪያው ችግር አመጣብኝ። እናቴ በስልክ «ምን ላይ ነው የምታስተምሪው?» ብላ ብትጠይቀኝ «ስቱዲዮ ውስጥ» አልኋት። እናቴ ስቱዲዮ ስትባል የምታውቀው እኅቴ ዕጣ ሳይደርሳት በፊት በኪራይ የኖረችባትን አንዲቷን ክፍል ነው። «ውይ ልጄ! እዚያም አንድ ክፍል ብቻ ሰጡሽ?» ብላ አዘነችልኝ። በከተማችን ስቱዲዮ የሚባለው የኮንዶሚኒየም ቤት ከ20 ካሬ ሜትር የማይበልጥ መሆኑን የምታውቁ አንባቢዎች የእናቴን ሐዘን በቀላሉ ትረዱታላችሁ።

የእኔው ስቱዲዮ ግን ሌላ ነው። መምህር ፊት ቆሞ የሚናገርበት፣ ተማሪ ደብተሩን ዘርግቶ የሚጽፍበት ክፍል አይደለም። ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉ፤ በላያቸው ወረቀት፣ ካርቶን፣ ሙጫ፣ መቁረጫ ምላጭ፣ የቡና ስኒና ያደረ ዳቦ ተደበላልቆ ይገኛል። መምህሩ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞረ ከአንድ ተማሪ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ተማሪው በወረቀቱ ላይ ያለውን ቤት ያስረዳል፤ መምህሩ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ያልተሠራ ቤት ውስጥ በሐሳብ ይገባሉ፣ በር ይከፍታሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ። በመንፈቁ መጨረሻ ሥራው ሁሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከውጭ በተጋበዙ ባለሙያዎች ፊት ይመረመራል። ከዚያ በፊት ባሉት ሌሊቶች እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ትምህርት ቤቱ ያለበት ሕንፃ ራሱ ታሪክ አለው። የቀድሞው ባለ ዐሥራ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ግንቦት 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ተቃጥሏል። የእሳቱ መነሻ ውኃ የፈሰሰበት አንድ የቡና ማፍያ መኪና ነው ቢባል ማን ያምናል? ሰው አልሞተም። ነገር ግን የብዙ ተማሪዎች ሥራና የካርቶን ሞዴሎች አመድ ሆኑ። ቤተ መጻሕፍቱና የታወቁ ወንበሮች ስብስብ ግን ሊተርፉ ቻሉ። ትምህርቱም መስኩ ላይ በተተከሉ ድንኳኖች ውስጥ ቀጠለ፤ ቆይቶም ቀድሞ የዩኒቨርሲቲው ዋና ሕንፃ ወደነበረው ትልቅ የጡብ ቤት ገቡ። እዚያ ስሠራ ቡና ማፍያውን ሁልጊዜ በጥርጣሬ እመለከተው ነበር።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ በሰሜን ሆላንድ ላም የሚያረባ ገበሬ ነው። ዝምተኛ፣ እጇ ሥራ የለመደ፣ ከሁሉም ቀድማ የምትመጣ ናት። እንደ ጓደኞቿ ሁሉ እሷም የምትጠራኝ በስሜ ብቻ ነበር። አንቱታ፣ መምህርት የሚባል ነገር የለም። ይህን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ እውነቱን ለመናገር እስከ መጨረሻውም አልለመድሁትም።

ይህች ልጅ አራት ክፍል ያለው ቤት ነድፋ አመጣች። ማዕድ ቤቱን ሳይ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎም ተናደድሁ። ማዕድ ቤቱ ጥግ ላይ ሳይሆን መተላለፊያው አጠገብ ወጥቶ፣ ሰፊ መስኮት ተደርጎለት፣ ግማሹ እንደ በረንዳ ክፍት ሆኗል። «አዲስ አበባን አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት። አላየችም። ቀይ እስክርቢቶዬን አወጣሁና በሥራዋ ላይ ግድግዳውን ወደ ውስጥ መለስሁት፤ በሩን አዞርሁት፤ ማዕድ ቤቱንም ወደ ጥግ አስገባሁት። «እንዲህ ነው የሚሠራው» አልሁ። ልጅቷ ቀዩን መስመር አየች፤ ምንም አልተናገረችም። ወረቀቱን ጠቀለለችና አመሰገነችኝ።

በሻይ ሰዓት አንዲት አብራኝ የምታስተምር ሴት ወደ ጎን ወሰደችኝ። ነገሩን ስትናገር አልሸፈነችም፤ የሆላንድ ሰው ነገር መሸፈን አይወድም። በሥዕሉ ላይ እንደማይጻፍ ነገረችኝ። መምህሩ ማሳየት የሚፈልገው ነገር ካለው ከሥሩ ያለውን መስመር የሚያሳይ ስስ ወረቀት በላዩ ያነጥፋል፤ የሚሥለውም በራሱ ወረቀት ላይ ነው። ተማሪው ከተስማማው ይወስደዋል፤ ካልተስማማው ሊጥለው ይችላል። ሥራው ግን የተማሪው እንደ ሆነ ይቀራል። እኔ የተማርሁት በቀይ እስክርቢቶ ስለ ነበር ሌላ መንገድ ያለ አልመሰለኝም። ማታ ልጄ በስልክ የቤት ሥራውን ሲያነብልኝ፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እርሳሱን ከእጁ ነጥቄ እንደ ጻፍሁለት ትዝ አለኝ።

በኅዳር ወር ተማሪዎቹን ይዘን በባቡር ወደ ዩትሬክት ሄድን። እዚያ፣ ከጡብ ቤቶች ሰልፍ መጨረሻ ላይ የተለጠፈች፣ በነጭ፣ በግራጫ፣ በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ የተቀባች ትንሽ ቤት አለች። እ.ኤ.አ. በ1924 የተሠራች ናት። ያሠራቻት ትሩስ ሽሮደር የምትባል ሴት ስትሆን (ተማሪዎቼ ስሟን ሲጠሩ ሽሮ ትዝ ይለኝ ነበር) ባሏ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሞቶ ሦስት ልጆች ይዛ የቀረች ነበረች። ንድፉን የሠራው ኸሪት ሪትፌልድ የተባለ የእንጨት ዕቃ ሠሪ ነው። ነገር ግን ቤቱ የሁለቱም ሐሳብ ነው፤ ሴትየዋ ከልጆቼ ተለይቼ መኖር አልፈልግም በማለቷ ላይኛው ፎቅ በሙሉ በተንሸራታች ግድግዳ የሚከፈትና የሚዘጋ ሆነ። ቀን አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ማታ ግድግዳዎቹ ሲሳቡ ለየልጁ መኝታ ይሆናል። የዚያን ጊዜው የሕንፃ ደንብ ይህን ስለማይፈቅድ በፈቃድ ማመልከቻው ላይ ላይኛው ፎቅ «ቆጥ» ተብሎ ተመዘገበ። ማዕድ ቤቱ ከታች ነው፤ ምግቡ በትንሽ አሳንሰር ወደ ላይ ይሳባል። ትሩስ ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1985 እስክትሞት ድረስ በዚሁ ቤት ኖራለች። ዛሬ ቤቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ተማሪዎቹ ቀለሙን ሲያደንቁ የገበሬው ልጅ ተንሸራታቹን ግድግዳ ደጋግማ በዐይኗ ትለካ ነበር። በባቡር ስንመለስ አጠገቤ ተቀመጠችና ሴትየዋ ቤቱን ንድፍ ላይ እያለ ገብታ የምታውቅ ያህል ማወቋ እንደ ገረማት ነገረችኝ።

በዚያ አገር ይህ ነገር በአንዲት ባለጠጋ መበለት ብቻ የቀረ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ በሮተርዳም የቤት እመቤቶች የቤት ሥራ ንድፍን የሚመረምሩበት የሴቶች አማካሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በሌሎችም ከተሞች ተስፋፋ። እነዚህ ሴቶች አርክቴክቶች አልነበሩም። ልጅ ያሳደጉ፣ ልብስ ያጠቡ፣ ድንች የላጡ ሰዎች ናቸው። ፕላን ማንበብ ተምረው ገና ያልተሠራውን ቤት እየተመለከቱ የሕፃኑ ጋሪ የት ይቆማል፣ ልብሱ የት ይሰጣል፣ ይህ በር ሲከፈት ያኛውን አይመታም ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለ። ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለችው ኦስትሪያዊት አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1926 ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ የሠራችው ማዕድ ቤት ወርዱ 1.90፣ ርዝመቱ 3.40 ሜትር ያህል ነው። ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ተሠርቷል። ከቤት ውጭ የምትሠራዋ ሴት ድካሟ እንዲቀንስ ስትል እያንዳንዱን እርምጃ በሰዓት እያስለካች ነው የነደፈችው። ዓላማዋ ደግ ነበር። በኋላ ግን ማዕድ ቤቱ አንድ ሰው ብቻ ስለሚይዝ፣ ሴቲቱን ከቤተሰቧ ነጥሎ ብቻዋን አስቀራት የሚል ትችት ተነሣ። ሊሆትስኪም ያን ስትነድፍ እሷ ራሷ ወጥ ሠርታ እንደማታውቅ ቆይታ ተናግራለች። ይህን በስቱዲዮ ሳወራ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት ስቱዲዮ ስገባ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተዋል። መሐል ላይ ከካርቶን የተሠሩ ሁለት ክፍሎች ቆመዋል፤ ሞዴል ሳይሆኑ በእውነተኛ መጠናቸው፣ ሰው የሚያስገቡ። የገበሬው ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራለች። በአገሯ አባቷ ጋጥ ሲሠራ በመጀመሪያ በገመድ መሬት ላይ ይለካል፤ ከዚያም ላሟን ራሷን አምጥቶ ያቆማታል አለች። አንደኛው ክፍል የእሷ ማዕድ ቤት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በመንፈቁ መጀመሪያ «የአዲስ አበባ ቤት ይህን ይመስላል» ብዬ ካደልኋቸው ፕላን የተወሰደ ነው።

ከዚያም የወረቀት ምጣድ አወጣች። ከካርቶን ተቆርጦ ቡናማ የተቀባ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው። ባልዲ ለሊጥ፣ የብስክሌት ጎማ መሸፈኛ ለአክንባሎ፣ ሌላ ክብ ካርቶን ለሰፌድ አዘጋጅታለች። የተማሪ ቦርሳ አምጥታ በጀርባዬ አዘለችልኝ፤ ሕፃኑ መሆኑ ነው። ቀጥላም «እንጀራ ጋግሪልን» አለችኝ።

ዐሥራ አራት ተማሪዎች ቆመው ያዩኛል። ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ በመጀመሪያ ወደ እሷ ማዕድ ቤት ገባሁ። ምጣዱን አሰስሁ፤ ጎመን ዘር ይዤ እንደ ሆነ አድርጌ። ሊጡን ከዳር ወደ መሐል እያዞርሁ አፈሰስሁ፣ ከደንሁ፣ ጠበቅሁ፣ ከፈትሁ፣ በሰፌዱ አወጣሁ፤ ዞር ብዬ በክፍቱ በኩል ባለው መደብ ላይ አስቀመጥሁ። እንፋሎቱ፣ ቢኖር ኖሮ፣ ወደ ደጅ ይወጣ ነበር። ጎረቤት ብታልፍ «እንዴት አደርሽ» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ገባሁ። ምጣዱን ሳስቀምጥ ምድጃው የሚሆንበት ቦታ አለቀ። አክንባሎውን ስከፍት ክርኔ ግድግዳውን መታ፤ ካርቶኑም ጎበጠ። ሰፌዱን ይዤ ስዞር ማስቀመጫ የለም፤ ባልዲው እግሬ ሥር ነው። አንደኛው ተማሪ ልጅ ሆኖ በሩን ሲከፍተው መዝጊያው ጀርባዬ ላይ ያለውን ቦርሳ መታው። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ክፍል መሐል ምጣዴን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ፕላን የነደፍሁት እኔ ነበርሁ። በ1998 ዓ.ም. ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ጊዜ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ የክፍሉ ስፋት በካሬ ሜትር ተወስኖ ተሰጥቶኝ ማዕድ ቤቱን ያሳነስሁት በገዛ እጄ ነው። ሳሎኑ ሰፋ እንዲል ብዬ ነበር። በወቅቱ አለቃዬ «ጎበዝ» ብሎኛል። እንጀራውን ስለ ምን አላሰብሁም? በእርግጥ በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለመጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ የሚሆኑ የጋራ ቤቶች ይሠሩ ስለ ነበር ያ ይበቃል መስሎኝ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሴት ጧት ከሥራ በፊት ሊጥ ተሸክማ ደረጃ እንደማትወርድ ለማወቅ ግን አርክቴክት መሆን አያስፈልግም።

ለተማሪዎቹ ነገርኋቸው። «ይህን የነደፈው ሰው እኔ ነኝ» አልሁ። ዝም አሉ። አንድ ልጅ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ «ስንት ተሠራ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁት። እውነትም አላውቅም፤ ተከታትዬ ጠይቄ አላውቅምና።

ያን ዕለት ማታ ለእኅቴ ደወልሁ። እሷ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለ ሁለት መኝታ ቤት በዕጣ ደርሷታል፤ እኔ የነደፍሁት ባይሆንም ወንድሙ ነው። «እንጀራ የት ነው የምትጋግሪው?» አልኋት። «የት ልጋግር ታዲያ እታለም? መተላለፊያው ላይ ነዋ! ኩሽናዋ መች ታስገባኛለች?» አለች። ገመዱን በበሩ ሥር አሳልፋ፣ ምጣዱን በርጩማ ላይ አድርጋ፣ ሰው ሲያልፍ እየተነሣች ትጋግራለች። ስንት ጊዜ ቤቷ ሄጄ ያንኑ እንጀራ በልቻለሁ! «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ከዚያም ልጄ ጉንፋን እንደ ያዘውና ዳማከሴ እንዳሸተተችው ነግራኝ ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ በስቱዲዮ ሥራዬ ቀለል አለኝ። ቀዩን እስክርቢቶ ትቼ አንድ ጥቅል ስስ ወረቀት ገዛሁ። ተማሪዎቹም ጥያቄያቸው በዛ። በርበሬ የሚሰጣው የት ነው? ቡና ስትፈሉ ጎረቤት የሚቀመጠው በየት በኩል ነው? ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የት ይተከላል? ግማሹን እኔ መለስሁ፤ ግማሹን ለእኅቴ እየደወልሁ ጠየቅሁ፤ በመጨረሻ እኅቴ ራሷ በስልክ ምስል ቀርባ መተላለፊያውን፣ በርጩማውንና ምጣዷን አሳየቻቸው። በስምዋ እየጠሩ ሲያነጋግሯት በጣም ደስ አላት።

(በነገራችን ላይ አንድ አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ዓርብ ዓርብ አይመጣም ነበር። ምክንያቱን ብጠይቅ የአባት ቀኑ ነው አሉኝ፤ በዚያ አገር አንዳንድ አባቶች በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ቀርተው ልጆቻቸውን ይይዛሉ። ይህን ለእናቴ ስነግራት አላመነችኝም።)

በጥር ወር የመጨረሻው ምርመራ ደረሰ። ከተጋበዙት ባለሙያዎች አንዱ የገበሬውን ልጅ ንድፍ አይቶ፣ በእንዲህ ያለ ጠባብ ቤት ውስጥ ለማዕድ ቤቱ ይህን ያህል ቦታ ማባከን ምን ይሉታል ሲል ጠየቃት። እኔ ለመመለስ አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። ልጅቷ ምንም ሳትናገር የወረቀቱን ምጣድ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቀጥሎም ቦርሳውን ለሰውየው አቀረበችለት፤ ይዘለው ዘንድ። ሰውየው በካርቶኑ ማዕድ ቤት ውስጥ ሁለት እንጀራ ጋገረ። በሁለተኛው ላይ ክርክሩ ስለ ሌላ ጉዳይ፣ ስለ መተላለፊያው የዝናብ መከለያ ሆነ። ያም ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ልጅቷ በዚያ በኩል ያዘጋጀችው መልስ ስላልነበራት ነጥብ ተቀነሰባት። ሥራዋ ግን አለፈ።

ስመለስ ምጣዱን ሰጠችኝ። ለሁለት አጥፌ በሻንጣዬ ግርጌ፣ ከልጄ ቸኮላት በላይ አድርጌ አመጣሁት። እኅቴ ቤት የሄድሁ ዕለት በመተላለፊያው ላይ እየጋገረች አገኘኋት። ወረቀቱን ዘርግቼ ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። እሷም ምጣዷ እስኪበርድ ጠብቃ የካርቶኑን ክብ በላዩ አኖረችው። ዙሪያውን በጣቷ ለካች።

«በሁለት ጣት ያንሳል» አለች፤ «በይ አሁን ያን ሊጥ አቀብዪኝ።»